ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ቀስ

እማማ ፋሻ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላት እሷም አታውቅም። አንድ ቀን ከቁስል ማከሚያው ክፍል ስትወጣ አንዲት በሽተኛ ከኋላዋ «እማማ ፋሻ፣ ነገ ይገባሉ?» ብላ ጠራቻት። በማግስቱ የጥበቃ ሠራተኛው በዚያው ስም ሰላም አላት። ሳምንት ሳይሞላ ባሏ ራሱ በር ላይ ቆሞ «እማማ ፋሻ መጡ፣ እግራችሁን ደብቁ» እያለ ከጎረቤት ጋር ይሳሳቅባት ጀመር። አልከፋትም። ከዚያ በፊት ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ «ስምንት ቁጥር» ስትባል ነው የኖረችው።

ስምንት ቁጥር የማሽኗ ቁጥር ነበር። በክር ፋብሪካው ማጠንጠኛ ክፍል አሥራ ሁለት ማሽኖች በአንድ መስመር ቆመው፣ በየማሽኑ ፊት አንዲት ሴት ቆማ ትውል ነበር። መቀመጫ የለም። ሥራው የእጅና የቀኝ እግር ነው፤ እጅ የክሩን ውጥረት ይጠብቃል፣ እግር ፔዳሉን ይረግጣል። ጥቅሉ ሲሞላ ሁለቴ ፈጠን ፈጠን አድርጎ መርገጥ፤ ማሽኑ ይቆምና ጥቅሉን ይለቃል። ባዶው ሲገባ አንዴ ቀስ ብሎ ረግጦ መያዝ፤ ማሽኑ ይነሳል። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ቀስ። ከቀጠሯት ቀን አንስቶ እስከ መጨረሻዋ ቀን ይኸው ነው። አሥራ ሁለተኛው ማሽን ብቻ ሰው አልነበረበትም። እሷ ስትገባም ተበላሽቶ ሸራ ለብሶ ነው ያገኘችው፣ ስትወጣም እንደዚያው ነበር። ለምን እንደማይጠገን የጠየቀ ሰው አታስታውስም።

ፋብሪካው ሲዘጋ ሴቶቹ እግራቸውን ይዘው ወጡ። ሲሚንቶ ላይ ቆሞ የኖረ እግር ደሙ ወደታች ይወርዳል እንጂ ወደላይ መመለስ ይለግማል። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱ ማታ ማታ ያብጣል፤ ከዚያ ቆዳው ይጠቁርና እንደ ቆዳ ጫማ ይደርቃል፤ ከዚያ የበር ጠርዝ ወይ የአልጋ ብረት ጫር ያደርገዋል። ያቺ ጭረት አትድንም። እጅ ላይ ብትሆን በሳምንት የምትረሳ ነገር፣ እግር ላይ ዓመት ትቆያለች፣ አምስት ዓመት ትቆያለች።

ከዓመታት በኋላ ጤና ጣቢያው ወደ ፋብሪካው ሕንፃ ሲዛወር እሷ በጽዳት ተቀጠረች። የማጠንጠኛው ክፍል በኮምፔንሳቶ ተከፋፍሎ፣ ትልቁ ቁራጭ የቁስል ማከሚያ ሆነ። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት፣ የመጨረሻ ልጇ እኩያ ናት። ጎበዝ ናት፤ ግን ፋሻ አልሰምርላት ይል ነበር። ከጣት እስከ ጉልበት ድረስ ያሰረችው ፋሻ በሽተኛዋ ግቢው በር ሳትደርስ ተንሸራትቶ ቁርጭምጭሚት ላይ ይከመራል።

አንድ ቀን እሷ መወልወያዋን ተደግፋ ስታይ ቆየችና «ይሄ እኮ ውጥረቱ ነው» አለች።

ሲስተር ደክሟት ነበር። «እስቲ እርስዎ ይሞክሩት» አለቻት፣ ግማሹን በንዴት።

እጇን ታጥባ በአንዲት በሽተኛ እግር ሥር ዝቅ ባለው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሲስተር ከፋሻው ሥር ግፊት የምትለካ ትንሽ ፊኛ አስገባች። ግፊቱ ቁርጭምጭሚት ላይ አርባ መሆን አለበት፣ ወደ ጉልበት ሲወጣ ደግሞ እየላላ ግማሽ ድረስ መውረድ። አሰረች፤ አርባ ሆነ። ፈታችና ደገመች፤ አሁንም አርባ። በሦስተኛው ሲስተር መለኪያውን ሳታነብ እሷ ቀደመቻት፦ «ትንሽ አጠበቅኩት፣ እንዳትቆጪኝ።» አርባ አንድ ነበር።

ሲስተር መወልወያውን ተቀበለቻት። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር አስተማረቻት። ቁስሉን ለብ ባለ ውሃ ማጠብ፣ ጥጡን ማልበስ፣ በላዩ ላስቲኩን ፋሻ መደራረብ። ከሁሉ በፊት ግን ማዳመጥ። ደም ከልብ ወደ እግር በደንብ የማይወርድለትን ሰው እግር ማጥበቅ እግሩን መግደል ነውና፣ እንደ እስክሪብቶ ባለች መስሚያ የእግሩን የደም ሥር ድምፅ ሳይሰሙ ፋሻ አይነካም። ሹው፣ ሹው፣ ሹው ይላል። መጀመሪያ የሰማች ቀን ሰውነቷን ውርር አደረጋት። ከሩቅ፣ ከተዘጋ በር ኋላ የሚሰማ ማሽን ይመስላል።

ወለሉን ሲወለውል የኖረ ሰው የሚያውቀውን ነገር ሲስተር አታውቅም ነበር። ማሽኖቹ የተነቀሉበት የብሎን ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፍኖ፣ በየቦታው አራት አራት ክብ ጠባሳ ቀርቶ ነበር። ሲስተር ከመስኮቱ ብርሃን እንዲያገኙ ብላ አሥራ አንድ ወንበር ስትደረድር፣ እያንዳንዱ ወንበር ልክ በአራት አራት ጠባሳ መሃል ተቀመጠ። በአሥራ ሁለተኛው ቦታ ላይ የእግር ማጠቢያው ቧንቧ ተተከለ። እማማ ፋሻ ይህን አይታ በወንበሮቹ መሃል መወልወሏን ቀጠለች።

በሽተኞቹ ብዙ ነበሩ፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጡት ሰባቱ ግን የመስመሩ ሴቶች ናቸው። ከነሱ መሃል ሰባት ቁጥር አለች፣ ለሃያ ሦስት ዓመት በእማማ ፋሻ ግራ የቆመችው። ሬዲዮ ነው የምትባለው፤ ማሽን ሲጮህም ዝም የማትል፣ ካቦው «አንቺን የሚያጠፋ ቁልፍ የት ነው?» ብሎ የተማረረባት ሴት። ቀኝ እግሯ ላይ፣ ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት በላይ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ቁስል አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። ያገቧት ሁለት ባሎች እንኳ ያን ያህል አልቆዩም ትላለች ራሷ።

ሥራው እንዲህ ነው። ታጥበው፣ በፋሻ ተጠቅልለው፣ እግራቸውን ከፍ ባለ ዱካ ላይ ሰቅለው ግማሽ ሰዓት ይቀመጣሉ። ምሳ ስለበሉ ያንጎላጃሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማማ ፋሻ ጀርባዋን ሰጥታ ባልዲ ስታጥብ፣ ከኋላዋ የጨርቅ ድምፅ ሰማች። ቸፍ ቸፍ፣ ቸ...ፍ። ፋሻ ከፋሻ ጋር ሲታከክ እንደሚሰማው። ዞር አለች።

ሰባቱም ተኝተዋል። የአንዷ አፍ ተከፍቷል፣ የአንዷ ነጠላ ወርዷል። ሰባት ቀኝ እግር ግን ይሠራል። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ቀስ። እኩል፣ በአንድ ላይ፣ ያለ ካቦ። እግሮቹ ብቻ ነቅተው ሴቶቹን ወንበሩ ላይ የተዉአቸው ይመስላል። ባልዲውን እንደያዘች ቆማ አየች። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲል ሰባቱም ባንዴ ቀጥ አሉ። ፋብሪካው በነበረበት ዘመን የፈረቃው ደወል የሚጮኸው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

ለሲስተር ነገረቻት። ሲስተር በማግስቱ መጥታ አየች፤ አልፈራችም፣ ደስ አላት እንጂ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ስለምናቸው የኖርኩት ነው! ባት ሁለተኛ ልብ ነው። ቁርጭምጭሚት ሲንቀሳቀስ ባት ይጨመቅና ደሙን ወደላይ ይገፋዋል። ቤታችሁ አድርጉት ብዬ ወረቀት ሰጠሁ፣ አንድም ሰው አላደረገም። ተኝተው ካደረጉት ምን ገዶኝ? እንዳይቀሰቅሷቸው።»

እውነቷን ነበር። ሲስተር በየሳምንቱ ቁስሎቹን በብርሃን አስተላላፊ ላስቲክ ላይ በእስክሪብቶ ትስላለች፤ ስዕሎቹ እያነሱ ሄዱ። በወንበሩ ላይ የሚተኙት ሴቶች ቁስል ከጠዋቶቹ በሽተኞች ቁስል በፍጥነት ይጠብ ጀመር። በሦስተኛው ወር አሥር ቁጥር ዳነችና ተሰናበተች። ቀጥሎ ሁለት ቁጥር። የሬዲዮም ቁስል ከመዳፍ ወደ እንቁላል፣ ከእንቁላል ወደ አውራ ጣት ወረደ።

ሬዲዮ ግን ዝም አለች። መጀመሪያ ቀልዷ ቀረ፣ ቀጥሎ ወሬዋ። እማማ ፋሻ ፋሻውን ስትፈታላት «ምነው፣ ባትሪ ጨረስሽ?» ብትላት ፈገግ ብቻ። አንድ ቀን ሬዲዮ እጇን ያዘቻት።

«ዛሬ እንዳታስተኚኝ።»

«እንቅልፍ የሚያምርሽ አንቺ ነሽ እኮ።»

«ስተኛ እዚያ ነው የምሄደው። መስመሩ ላይ። ሁላችንም ቆመን እንሠራለን፣ ማሽኑ ግን አይጮህም። ድምፅ የለውም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሥር ቁጥር ከዳነች ወዲህ እዚያ የለችም። ቦታዋ ባዶ ነው። ሁለት ቁጥርም የለችም። የዳነ አይመጣም።»

«ታዲያ ጥሩ አይደል?»

«አሥራ ሁለተኛው ላይ ሰው አለ» አለች ሬዲዮ። «ሴት ናት። ጀርባዋን ሰጥታ ነው የምትሠራው። እኛ እያነስን ስንሄድ እሷ ወደኛ ትጠጋለች መሰለኝ። ወይ እኛ ነን የምንጠጋው።»

እማማ ፋሻ ያን ዕለት ፋሻውን ሠላሳ አምስት ላይ አሰረችው። እጇ እንዲህ ስቶ አያውቅም ነበር።

ማታ ለባሏ አወራችው። ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ እግሩ የላላ የወጥ ቤት ወንበር ገልብጦ ሚስማር እየመታ ነበር። ሰምቶ ጨረሰና ሳቀ።

«ያቺ ሴትዮ አንቺ ነሽ እኮ» አላት። «ቧንቧው የት ነው ያለው? አሥራ ሁለተኛው ቦታ ላይ። አንቺ የት ነው ጀርባሽን ሰጥተሽ ባልዲ የምታጥቢው? ሰው ሲያንጎላጅ ዓይኑ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። እኔ ስንቴ መሪ ላይ እንዲህ አይቻለሁ፤ የመንገድ ምሰሶ ሰው መስሎኝ አንዴማ ፍሬን ይዤለታለሁ።»

እንዴት ሳይታያት ቀረ? ያን ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛች። በማግስቱ ሬዲዮን ገና ሳትቀመጥ እየሳቀች ነገረቻት፦ «ያቺ ጀርባ ሰጪሽ እኔ ነኝ፣ ሞኝ። ባልዲ ሳጥብ ነው የምታይኝ።»

ሬዲዮ አልሳቀችም።

«አንቺማ አለሽ» አለች። «አጠገቧ ነው የቆምሽው።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሬዲዮ ቀረች። አንድ ሳምንት፣ ሁለት፣ ሦስት። እማማ ፋሻ ሥራ ስትጨርስ ቤቷ ሄደች። ሬዲዮ በሩን ገርበብ አድርጋ አነጋገረቻት እንጂ አላስገባቻትም፤ ከበሩ ክፍተት ግን የምታውቀው ሽታ ወጣ። የተከፈተ ቁስል ሽታ። ፋሻውን ራሷ ፈትታ ጥላዋለች።

«እዚያ ከመሄድ ቁስሉ ይሻለኛል» አለች ሬዲዮ በበሩ ውስጥ። «ቁስሉን አውቀዋለሁ።»

«እኔንስ አታውቂኝም? ሃያ ሦስት ዓመት ጎንሽ ቆሜ ስንት ክር ቀጥዬልሻለሁ? ካቦው ሳያይ ስንቴ ፔዳልሽን ረግጬልሻለሁ፣ ሽንት ቤት ስትሮጪ?»

በሩ ትንሽ ሰፋ።

«አላስተኛሽም» አለቻት። «ቃሌ ነው። ነቅተሽ ትሠሪዋለሽ፣ እኔም ካንቺ ጋር።»

በማግስቱ መጣች። ቁስሉ ተመልሶ የመዳፍ ስፋት ሆኗል፣ ጠርዙም ረጥቧል። እማማ ፋሻ በቧንቧው ሥር አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አጠበችላት፤ ማን አጠገቧ እንደቆመ ለማየት ወደ ጎን አልዞረችም፤ ማየት ግን አሰኝቷት ነበር። መስሚያዋን እግሯ ላይ አደረገች። ሹው፣ ሹው። ደሙ ደህና ይወርዳል። አሰረችው። አርባ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እማማ ፋሻ መዳፏን በሬዲዮ የእግር ጣቶች ሥር ትደግፍና «ግፊ» ትላለች፤ ትገፋለች። «ልቀቂ።» «ግፊ።» ያን የድሮውን ምት እንዳይይዙ አውቀው ያበላሹታል፤ አንዴ ሦስቴ ፈጠን፣ አንዴ አምስቴ ቀስ፣ አንዴ በዘፈን። እንቅልፍ ሲመጣባት እማማ ፋሻ ትኮረኩራታለች። ለመንቃት ደግሞ ማውራት ነበረባት፣ ስለዚህ ሬዲዮ እንደገና ተከፈተች። ስለ መጀመሪያው ባሏ አወራች፣ ስለ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ሊሆን ስለነበረውና ቁስሏን አይቶ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጥቶ ስለቀረው። አጠገባቸው የተኙት ሴቶች እግር የራሱን ሥራ ይሠራል። ሁለቴ ፈጠን፣ አንዴ ቀስ። ሁለቱ እዚያ አያዩም። የዳነው ይሰናበታል፣ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ሲስተር በሌላ በሽተኛ ትሞላዋለች፣ የአዲሶቹ እግር ግን ዝም ያለ ነው።

አምስት ወር ፈጀ። በመጨረሻ ከመስመሩ የቀረችው ሬዲዮ ብቻ ሆነች። ላስቲኩ ላይ ያለው ስዕል ምስር አከለ፣ ከዚያ ነጥብ፣ ከዚያ አንድ ማክሰኞ ቀን ሲስተር እስክሪብቶዋን ይዛ ጎንበስ አለችና ቀና አለች።

«የምስለው ነገር የለም» አለች።

ሬዲዮ አላመነችም። ቀጭን፣ ሮዝ መልክ ያለው ቆዳ ነበር፣ እንደ ሽንኩርት ልባስ የሳሳ። ሬዲዮ ከእንግዲህ ዕድሜዋን ሁሉ የምትለብሰውን ጠባብ ካልሲ ልታመጣ ሲስተር ወጣች። እማማ ፋሻ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ የሰባት ቁጥር አጠገብ፣ የራሷ የስምንት ቁጥር ቦታ ላይ። ከመስመሩ ወንበሮች በአንዱም ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ድካሙ የአምስት ወር ነበር። ዓይኗን የጨፈነች አልመሰላትም።

ስትነቃ አንገቷ ደንዝዟል። ሬዲዮ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የእማማ ፋሻን ቀኝ እግር በሁለት እጇ ጭምቅ አድርጋ ይዛዋለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል።

«ይሠራ ነበር» አለች። «እግርሽ። ያዝኩት፣ በግድ ነው ያቆምኩት።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አየሻት?»

እማማ ፋሻ በእንቅልፏ ያየችውን አስታወሰች። መስመሩ ላይ ከሴቶቹ ማንም አልነበረም። ማሽኖቹ ቆመዋል፣ ብርሃኑ የስምንት ሰዓት ተኩል ብርሃን ነው። እሷ ስምንተኛው ላይ ሳይሆን መጨረሻው ላይ ነበረች፣ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ፣ ክር ይሁን ፋሻ ያልለየችውን ነጭ ነገር እየጠቀለለች። በጎኗ ሌላ ሰው ነበር።

«አላየኋትም» አለች። «መዞር እችል ነበር፣ አልዞርኩም። እጇን ብቻ ነው ያየሁት። ከኔ እጅ ጋር እኩል ይጠቀልላል።»

«ትፈራለች ወይስ ታስፈራለች?»

«ሥራ ላይ ናት» አለች እማማ ፋሻ።

ሲስተር ካልሲውን ይዛ ገባች። ሁለቱም ስለ ካልሲው አወሩ። እንዴት እንደሚለበስ፣ ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ መሆን እንዳለበት፤ ሬዲዮም እንደ ልማዷ ስለ ቀለሙ አማረረች። ሬዲዮ ካልሲዋን ለብሳ፣ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ፣ በግቢው በር ወጣች። አሁንም ደህና ናት። በየስድስት ወሩ ለቁጥጥር ትመጣለች፣ ጠዋት ጠዋት ብቻ፣ ቆማ ታወራና ሳትቀመጥ ትሄዳለች።

እማማ ፋሻ ሥራዋን አልለቀቀችም። ባሏ «ቧንቧውን ቦታ አስቀይሪ» ብሏት ነበር፤ አላስቀየረችም። ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ፣ ኮቷን ሳትሰቅል፣ ወደ ማጠቢያው ዞር ብላ «እንደምን አደርሽ» ትላለች። ሲስተር ከመድኃኒት መደርደሪያው ኋላ ሆና «ደህና፣ እርስዎስ?» ትላታለች። በዚህ ዓይነት ዓመት አለፈ። ሲስተር ፈቃድ ወጥታ ክፍሉ ባዶ በሆነባቸው ጠዋቶችም ሰላምታውን አታስቀርም። እነዚያን ቀናት ግን ቃሉ ከአፏ እንደወጣ፣ መልስ እንዳትሰማ፣ ቧንቧውን እስከ ጥግ ትከፍተዋለች።